አውሮፕላኑ እስኪያልፍ

ስም አልጽፍም። አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ፤ የሞቱትም ልጆች አሏቸው። ግን ማን ማን እንደነበርን ሳልናገር ታሪኩን መጀመር አልችልም።

አንደኛዋ እናት ሆና የምትጫወተው ሴት ናት። ከቦሌ መንገድ ጀርባ ባለ ሰፊ ግቢ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አያልፍም፤ እኛ ግን ከመድረክ ውጪም «እማማ» እንላት ነበር፣ እሷም ሳትቆጣ «አቤት» ትላለች። ሁለተኛው የበኩር ልጄ ነው። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር፤ በቲያትሩ የእሷ ልጅ ሆኖ ይጫወታል። ሦስተኛው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥበቃ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። መብራት የሚያበሩት፣ አግዳሚ ወንበር የሚደረድሩትና መጋረጃ የሚስቡት እሳቸው ነበሩ። አራተኛው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ ቲያትር አይወድም፣ እኛን ግን አይጠላንም ነበር። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ቀን የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ ማታ የአማርኛ አስተማሪ፣ የማታው ትምህርት ቤት የቲያትር ክበብ ደራሲና አዘጋጅ።

አዘጋጅ ስል አንባቢ እንዳይሳሳት። ቲያትር ማንም አላስተማረኝም። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ሌላውን ሁሉ የተማርኩት ዳቦ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ሰዎች አንብበው ከሚጥሉት መጽሐፍ ነው። መድረክ ያየሁትም ጥቂት ጊዜ፣ ያውም ከኋላ ቆሜ ነው። ግን አንድ ነገር አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ሰው ጥፋቱን በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ነው የሚያፍረው። በምክር ያልታረመ ሰው ጥላውን መድረክ ላይ ሲያይ ይታረማል። ለዚህ ብዬ ነበር ክበቡን ያቋቋምኩት። ይህን ስል ልጄ ዓይኑን ያጉረጠርጥ እንደነበር አልደብቅም።

ትምህርት ቤቱ ቦሌና ገርጂ በሚዋሰኑበት ሜዳ ዳር ነበር። ዛሬ ቦታውን ሄጄ ብፈልገው አላገኘውም፤ ፎቅ ውጦታል። ያኔ ከመስኮቱ ባሻገር ጤፍ ነበር፣ ከጤፉ ባሻገር ባሕር ዛፍ። በክረምት ተማሪዎቻችን የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ በእንጨት ፍቀው ነው የሚገቡት። ቀን ሕፃናት የተማሩበት ክፍል ማታ ለጎልማሶች ይለቀቃል፤ ግንበኛ፣ ሊስትሮ፣ ዘበኛ፣ ገረድ ሁሉ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ይቀመጣል። ለክበቡ የተሰጠን የመጨረሻው ክፍል ነበር፤ ግማሹ መስኮት መስታወት የለውም፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው።

መጋረጃችን የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ ነበር። ሴቶቹ ተርትረው ሰፉት፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገናል፣ መብራት ከኋላ ሲበራ ግን ፊደሉ ተገልብጦ ይታያል። ለቲያትሩ የሚያስፈልገውን ብር ጊዜው ካለፈበት ሎተሪ ቆርጠን ሠራን። እናትን ለማስረጀት መጀመሪያ አንዱ ዱቄት አመጣ። ከለከልኩ። ሰው ለዱቄት በቀበሌ ሱቅ በር ተሰልፎ በሚያድርበት አገር ጸጉር ላይ ዱቄት መነስነስ ኃጢአት ነው አልኩ። ስለዚህ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር የረገፈውን የጠመኔ ብናኝ እየሰበሰብን ጸጉሯን አሸበትነው። ስትቆጣና ራሷን ስትነቀንቅ ብናኙ ትከሻዋ ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቲያትሩ ሲጀመር ሽማግሌ ሆና ትገባለች፣ ሲያልቅ ወጣት ሆና ትወጣለች። «ጋሼ፣ በእርስዎ ቲያትር ሰው እየቆየ ይታደሳል» ትለኝ ነበር።

የቲያትሩ ታሪክ ቀላል ነው። አንድ ወጣት ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል። ድሃ እናቱ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ትጠረጥራለች። «ከየት አመጣኸው?» ትለዋለች። እሱም ከብዙ ማምለጥ በኋላ «ሰርቄ ነው፣ እማማ» ይላታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ንስሐና ካሳ ነው። ዛሬ ሳስበው ከዚያ በኋላ ያለው በዛ። ያኔ ግን ምክር የሚበዛ አይመስለኝም ነበር።

ችግራችን አውሮፕላን ነበር። የምንኖረው ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አንድ አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ከማገሩ አቧራና የወፍ ጎጆ ገለባ ይረግፋል። በመጀመሪያ ሰሞን ተዋናዮቹ ድምፁን ለማሸነፍ ይጮኹ ነበር። እማማ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ለቀጣሪዋ መልስ መስጠት አቃታት። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። አውሮፕላን ሲመጣ ማንም አይጮህም፣ ማንም አይቀጥልም፤ ባለህበት ትቆማለህ፣ እጅህም ባለበት ይቆያል፣ ሲያልፍ ካቆምክበት ትቀጥላለህ።

ልምምዱን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሁልጊዜም ከመጀመሪያው ስለምንጀምረው አውሮፕላኑ ቲያትራችን ውስጥ የራሱን ቦታ ያዘ። እናት «ከየት አመጣኸው?» ካለች በኋላ፣ ልጅ ከመመለሱ በፊት ይመጣል። ሲዘገይ ደግሞ ይጠብቁታል፤ የቲያትሩ ዋና ቃል በሞተር ድምፅ ተውጦ ከሚቀር ጥቂት መጠበቅ ይሻላል። አቧራው ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ የት እንደሚረግፍ ለማየት ሁለቱም ወደ ላይ ያያሉ። የሰፈሩ ተመልካች ይህን እንደ እንከን አልቆጠረውም። በመስኮት የሚያዩት ልጆች ሳይቀሩ አብረው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፣ ሲያልፍ አብረው ወደ መድረኩ ይመለሳሉ።

ሽማግሌው በዚያ ሰዓት ሹመታቸውን ያገኛሉ። ጆሯቸውን ወደ ጣሪያ አዘንብለው፣ «ይሄ የአስመራው ነው» ይላሉ።

«አባ፣ ትናንትም የአስመራው መጣ ብለው ተነሥቶ የሚሄድ ሆነ እኮ!» ይላቸዋል ልጄ።

«ወደ አስመራ ነዋ የሄደው! መሄዱስ መንገድ አይደለም? ዕድሜ ልኬን አብሬው የኖርኩትን አንተ ታውቅልኛለህ?»

«አብረው የኖሩት ከበሩ ጋር ነው እንጂ ከአውሮፕላኑ ጋር ነው እንዴ?»

እማማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ጠመኔው ይረግፋል፤ እኔ እቆጣለሁ። ያ ቁጣዬ ዛሬ ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? የምቆጣው ሰው ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር።

አንድ ምሽት ሊቀመንበሩ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን ከወለል እስከ ጣሪያ ተመለከተው።

«ጋሼ፣ ለቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊመጣ ነው» አለኝ።

«ይምጣ፣ ማን ጠላው።»

«የት ላስቀምጠው ነው እንጂ ጥያቄው። ያለኝ ባዶ ክፍል ይኸው ነው።»

«ባዶ ነው እንዴ ይኼ? ሰው አይታይህም?»

«ሰው ውጪም ሊቆም ይችላል፣ ስኳር ግን ዝናብ አይችልም» አለ። ክፋት ኖሮት አልነበረም፤ ሰፈሩ በስኳር ጉዳይ አንቆት ነበር። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ከቀበሌ በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የየቀበሌውን የቲያትር ክበብ ሊገመግም መሆኑን ነገረኝ። የተመረጠ ክበብ ክፍሉ አይነካበትም፣ በየአዳራሹም እየዞረ ያሳያል። «ከተመረጣችሁ እኔም ከላይ የተነገረኝን እፈጽማለሁ፣ ስኳሩንም የትም እወትፈዋለሁ። ካልተመረጣችሁ ግን ቁልፉን ትሰጡኛላችሁ። እንዳትቀየሙኝ።»

እሱ ሲወጣ ከሁሉም ይልቅ ፊቷ የተለወጠው እማማ ነበረች። ምን ሆንሽ ስላት ጠመኔውን ከትከሻዋ እያራገፈች፣ «እትዬ በፊት የምትለቀኝ ለመሠረተ ትምህርት ነበር፣ ግዴታ ስለሆነ» አለችኝ። «የምስክር ወረቀቴን ከተቀበልኩ ቆየሁ። አሁን የምትለቀኝ የቀበሌ ክበብ ነው ስለተባለች ነው። ቀበሌ ስለምትፈራ። ጋሼ፣ ይኼ ክፍል ከተዘጋ እኔም ተዘጋሁ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ልምምዱን አጠበቅሁት። ልጄን በየቀኑ እገሥጸው ነበር፤ ልብህ የለም፣ ቃሉን እንደ ቁራሽ እንጀራ አትጎርሰው፣ እናትህን እያት እለዋለሁ። እሱም ሳይመልስልኝ ያስተካክላል። በመድረክ ላይ እንዳለው ያለ ድምፅ ቤት ውስጥ ሰምቼለት አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ እኔ ነበርኩ የምናገረው።

የግምገማው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። እስከ መገናኛ በእግር ሄድን፤ እኔ መጋረጃውን፣ ልጄ በርጩማውን፣ ሽማግሌው ፋኖሱን፣ እማማ ጠመኔውን በጨርቅ ቋጥራ። አውቶቡስ ላይ ስንወጣ ቲኬት ቆራጩ የተጠቀለለውን መጋረጃ አይቶ፣ «ይኼኛው ይቆማል ወይስ ይቀመጣል?» አለ። ሽማግሌው ኮስተር ብለው፣ «ጓድ ነው፣ ቆሞ ይጠብቅሃል» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም ሳቀ፤ ወደ እኔ ዞሮ ነበር የሳቀው።

አዳራሹ የሲሚንቶ ነበር፤ ኮርኒስ ያለው፣ መስኮቱ ሁሉ መስታወት የገባለት። ሦስት ገምጋሚዎች ከፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው የየቀበሌው ሰው ሞልቷል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ጸጥታውን ሰማሁት። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ለምደን አናውቅም። የእማማ ነጠላ ሲንኮሻኮሽ እንኳ ይሰማል።

ቲያትሩ ተጀመረ። ጥሩ ነበር፤ ለማመስገን የምፈጥን ሰው አይደለሁም፣ ግን ጥሩ ነበር። እናት ገንዘቡን ከልጇ ኪስ አወጣች። «ከየት አመጣኸው?» አለች።

ከዚያም ቆሙ።

ሁለቱም ባሉበት ደረቁ። እጇ ተዘርግቶ፣ እሱ ግማሽ ዞሮ፤ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሡ። ሽማግሌውም ፋኖሱን እንደያዙ አንጋጠጡ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ አንገቴ በራሱ ቀና አለ። ሁላችንም የማይመጣውን አውሮፕላን እየጠበቅን ነበር። መቼም ሰማዩን የሚያውክ ምንም ነገር በሌለበት ከተማ መካከል እንዳለን ያስታወስኩት ዘግይቼ ነው። ቀጥሉ ብዬ ልጮህ አልችልም። አዳራሹ ግን አልሳቀም። አንድ ሰው ሳል ጀምሮ ዋጠው። ቀስ በቀስ ከፊት ያሉት፣ ከዚያም ከኋላ ያሉት ወደ ኮርኒሱ ማየት ጀመሩ። ያ ጸጥታ በሕይወቴ ካየሁት ቲያትር ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ አልጻፍኩትም፣ አላዘጋጀሁትም።

በመጨረሻ ልጄ ዓይኑን አወረደ፣ እናቱን አያት፣ «ሰርቄ ነው፣ እማማ» አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች። ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ፤ ቲያትር የማይወደው ሊቀመንበራችንም አጨበጨበ።

በዚያ ዘመን ቲያትር በጭብጨባ አያልቅም፤ ሂስና ግለ ሂስ አለ። ተዋናዮቹ መድረኩ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ገምጋሚ ይጠይቃል። ዋናው ገምጋሚ መነጽሩን አውልቆ፣ «ጓድ አዘጋጅ፣ ሠርታችኋል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለ። «ልጁ ከመናዘዙ በፊት ሁላችሁም ወደ ላይ አያችሁ። ለምን? ከሰማይ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መልስ ከሰማይ የሚጠብቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመኝ።

«ጓድ፣ እሱ ንቃት ነው» አለ፤ በዚያ በመድረኩ ድምፅ። «ጠላት ከየትም ሊመጣ ይችላል። ጭቁኑ ቤተሰብ በራሱ ችግር ውስጥ ሆኖም ነቅቶ ይጠብቃል ለማለት ነው።»

«ንቃት!» አለ ገምጋሚው። ፊቱ በራ። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «አያችሁ? ያለ አንድ ቃል! ይህ ነው የምንለው» አላቸውና ጻፈ። ከገምጋሚዎቹ ጀርባ ሊቀመንበሩ «ተመስገን» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። እማማ የልጄን ክንድ ጨበጠች። ክፍሉ የእኛ ሆኖ ነበር።

እጄን አነሣሁ።

ለምን እንዳነሣሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ባለቤቴ እስክትሞት ድረስ ጠይቃኛለች። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ልጄ አሁን፣ በዚህ መብራት ሥር፣ እውነት እንዲናገር ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዚያው መብራት ሥር፣ በዚያው ድምፅ ሲዋሽ ዝም ብል የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ልጅ አባቱ ዝም ያለበትን ነገር እንደተፈቀደ ነው የሚቆጥረው። ዛሬም እንዲህ ነው የማስበው።

«ጓድ ገምጋሚ፣ ልጄ ያለው ትክክል አይደለም» አልኩ። «አውሮፕላን ነው። እኛ ሰፈር ልምምድ ስናደርግ አውሮፕላን ያልፋል፤ እስኪያልፍ እንቆማለን። ዛሬም በልማድ ቆሙ።»

አንዱ ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተናወጠ። ሽማግሌው የሚረዱኝ መስሏቸው፣ «እውነቱን ነው ጓድ! የማታው ነው፣ የአስመራው!» አሉ። ሳቁ ባሰ። ያለቀሰችውም ሴት ስትስቅ አየኋት።

ዋናው ገምጋሚ አልሳቀም። የጻፈውን ቀስ ብሎ ሰረዘና፣ «እና እኔ ለመንገደኛ አውሮፕላን ነው ያጨበጨብኩት?» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው፤ ያልበሰለ፣ ዲሲፕሊን የሌለው፣ ተመልካችን ያሳሳተ ክበብ ተባልን።

ስንመለስ ልጄ ከፊት ለፊት ብቻውን ሄደ፣ በርጩማውን በጭንቅላቱ ተሸክሞ። እማማ ከጎኔ መጣች። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት?» አለችኝ።

«በይ።»

«እኔ አውሮፕላን አልጠበቅሁም።»

«አንጋጥጠሽ አላየሁሽም እንዴ?»

«አንጋጠጥኩ። መጀመሪያ እንደ ልማዴ ነበር። ከዚያ እንደማይመጣ ገባኝ። ግን መልሱን እንዳይነግረኝ ፈለግሁ። ትንሽ፣ ትንሽ እንኳ እንዲቆይልኝ። አላወቅሁም እያልኩ ልቆይ ፈለግሁ።» ጠመኔው ከጸጉሯ ላይ ገና አልረገፈም ነበር። «እርስዎ አውሮፕላን ነው ሲሉ የእኔንም ጨምረው ነው የተናገሩት። እኔን ግን አልጠየቁኝም።»

እውነት ተናገርኩ ብዬ ነበር፤ የተናገርኩት ግን የራሴን እውነት ብቻ ነበር። ይህን ያስተማረችኝ ከእኔ ፊደል የተማረች ሴት ናት።

ሊቀመንበሩ ቁልፉን በሳምንቱ ወሰደ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ይቅር አልኩት። እማማን አንድ ጊዜ በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ አየኋት። «ደህና ነሽ እማማ?» አልኳት። ፈገግ ብላ፣ «አሁን እንደዚያ የሚለኝ ሰው የለም» አለችኝ። ቀጣሪዎቿ ብዙም ሳይቆዩ ሰፈር ቀየሩ፤ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። እንደ እሷ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም፤ በሬዲዮም፣ በትልልቆቹ ቲያትር ቤቶችም ፈልጌዋለሁ።

ልጄ ትምህርቱን ሲጨርስ አሰብ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ለበዓል ይመጣ ነበር፤ ከእናቱ ጋር ያወራል፣ ከእኔ ጋር ሰላም ይባባላል። ዛሬ የሚኖረው ጎሮ ነው፤ ልጆች ወልዷል፤ ሰው አክባሪ፣ ሐቀኛ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ሲዋሽ አልሰማሁትም። ለልጆቹ ማታ ማታ ተረት ይነግራቸዋል። ልጠይቃቸው ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስሰማ ያ ድምፅ አለ፤ ሳይጎድል፣ እንዲያውም ጎልምሶ። እኔ ወደ ክፍሉ ስገባ ያቆማል። «አያትህን ሰላም በል» ይለዋል ትንሹን፤ ከዚያ መብራቱን ያጠፋል። ስለዚህ አልገባም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሰው ለእውነት የከፈለውን ማወቅ አለበት፤ ሳያውቅ የሚከፍል ይኮራል እንጂ አይማርም። ስለዚህ እደምራለሁ። እማማን ምሽቷን አስከፈላት። ሽማግሌውን የሚሄዱበትን ቦታ፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በራቸው ላይ ተቀምጠው አያቸው ነበር። ሊቀመንበሩን ከእኔ ጋር ያለውን ሰላምታ፤ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር፣ ምንም ሳላደርገው። ልጄን እኔን አስከፈለው፣ እኔን ልጄን። ሰፈራችንን ደግሞ ይህን፦ ስኳሩ ክፍሉ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ሌላ ገባ፤ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በዚያ ሰፈር ማንም ሰው ቲያትር አላየም።